የጉብኝት ፕሮግራም ሲወጣ ልጁም ይታሰብ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ክረምት በመጣ ቁጥር የውጭ አገር የቤተሰብ ጉብኝት ማስታወቂያ ይበዛል። ሮም፣ ፍሎረንስ፣ ቬኒስ፣ ሚላኖ፣ ሁሉም በ6 ቀን! ዋጋው ተጽፏል፣ ሆቴሉ ተጽፏል፣ ለልጅ የሚደረገው ቅናሽም ተጽፏል። ልጁ ራሱ ግን የለበትም። ስንት ሰዓት በእግሩ እንደሚሄድ፣ ምን እንደሚያይ፣ መቼ እንደሚበላ የሚናገር አንድ መስመር አይገኝም። እኛ ሮም ላይ ሐበሻ ቤተሰቦችን የምናስጎበኝ እንደመሆናችን የምናውቀው ይህችን ከተማ ነውና ስለ እሷ ብቻ እንጽፋለን።

ከቁመቱ እንነሳ። የ6 ዓመት ልጅ 1 ሜትር ከ15 ገደማ ነው። እኩለ ቀን ላይ የትሬቪ ፏፏቴ ፊት ብታቆሙት የሚያየው ቀበቶ፣ የጀርባ ቦርሳና ቀልጦ የሚንጠባጠብ አይስክሬም ነው። አባቱ ጫንቃው ላይ ያወጣዋል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይወርዳል፤ አለቀ። ያንኑ ልጅ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ አምጡት (ሰዓቱን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው የምንጽፈው)። ጠርዙ አጠገብ ይቆማል፣ የባሕሩን ፈረሶች ይቆጥራል፣ በቀኝ እጁ ሳንቲም በግራ ትከሻው ላይ አሳልፎ ይወረውራል። ቀጥሎ «ሳንቲሙን ማን ይወስደዋል?» ማለቱ አይቀርም። እየተለቀመ ለበጎ አድራጎት ድርጅቱ ለካሪታስ እንደሚሰጥ ንገሩት፤ ከፏፏቴው ታሪክ ይልቅ ይህንን ነው የሚይዘው።

ትልቁ ስህተት የቫቲካን ሙዚየም ነው። «ሮም ድረስ መጥቶ ሲስቲን ቻፕልን (በጣሪያው ሥዕል የታወቀውን ጸሎት ቤት) ሳያዩ መመለስ» ስለሚያስቆጭ ወላጅ የመጀመሪያው ቀን ላይ ያስገባዋል። የሙዚየሙ አዳራሾች በጠቅላላ 7 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሚረዝሙ ይነገራል፤ ጎብኚው ሁሉንም ባይዞርም ቻፕሉ የሚገኘው መጨረሻው አካባቢ ነው። ልጁ እዚያ ሲደርስ ደክሞታል፣ ሽንቱ መጥቷል፣ ጠባቂው ደግሞ በየደቂቃው «ዝም በሉ» ይላል። ፎቶ ክልክል ነው፣ ወለል ላይ ጋደም ማለትም አይቻልም። ከ10 ዓመት በታች ላለ ልጅ ቢቀር ምንም አይጎድልበትም። ካልቀረ ሦስት ነገር ብቻ ይመረጥለት፦ የግብፅ ሬሳዎቹ፣ የድንጋይ እንስሳት ክፍልና 120 ሜትር የሚረዝመው የካርታ አዳራሽ። ከዚያ ቻፕሉን አይቶ ይውጣ።

የቅዱስ ጴጥሮስ ጉልላት ግን ልጅ ይወደዋል፤ ሆኖም ልብ በሉ። ደረጃው 551 ነው። በአሳንሰር የመጀመሪያውን ክፍል ብትዘሉም 320 ይቀራል። የመጨረሻው መተላለፊያ አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ ሲሆን ግድግዳው ከጉልላቱ ጋር አብሮ ያዘነብላል፤ መውጫውና መውረጃውም የተለያየ ነው። ልጁ መሐል ላይ «ፈራሁ» ቢል ከኋላ የሚመጣውን ሰው ገፍቶ መመለስ አይቻልም። ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቀው ልጅ ታች ከአንደኛው ወላጅ ጋር ይቅር። ትከሻና ጉልበት ያልሸፈነ ሰው ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ አይገባምና ለሴቶቹ ነጠላ ቦርሳ ውስጥ ይኑር።

ወቅቱም ሌላ ጣጣ አለው። የእኛ ትምህርት ቤት የሚዘጋው ሐምሌና ነሐሴ ነው። አዲስ አበባ ላይ ልጁ ሹራብ ለብሶ ዝናብ ሲመታው ይሰነብትና በማግስቱ ሮም ላይ ብዙ ጊዜ 35 ዲግሪ በሚያልፍ ፀሐይ ውስጥ ይገባል። ምሳ አልበላም ይላል፣ ይነጫነጫል፣ ራሱን ያመዋል፤ ወላጅ ይህንን «ቅብጠት» ይለዋል። ቅብጠት አይደለም፣ ሙቀት ነው። መድኃኒቱ ቀኑን ለሁለት መክፈል ነው፦ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 5 ሰዓት ተኩል ውጭ፣ ከዚያ እስከ 11 ሰዓት ሆቴል ገብቶ መተኛት፣ ማምሻውን እንደገና መውጣት። ውኃ መግዛት አያስፈልግም። ናሶኒ የሚባሉት የመንገድ ቧንቧዎች ከተማው ውስጥ 2,500 ያህል ናቸው፤ ቀንና ሌሊት ይፈሳሉ፣ ውኃቸውም ይጠጣል። የታችኛውን አፍ በጣት ሲደፍኑት ከላይ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ውኃው ወደ ላይ ይፈነጠቃል። ይህን አንዴ ያሳዩት ልጅ ቀጣዩን ቧንቧ ፍለጋ ሳይጎተት ይሄዳል። ካፊያው ልብስ ያርሳልና በ35 ዲግሪ የሚቆጣ ወላጅ ካለ ያስገርመናል።

አሁን ስለ ወረቀት። የሼንገን ቪዛ ለአዋቂ 90 ዩሮ፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ 45 ዩሮ ነው፤ ከ6 ዓመት በታች ነፃ ነው። ከ12 ዓመት በታች የጣት አሻራ አይሰጥም። የጉዞ ኢንሹራንሱ ለልጁም ቢያንስ 30,000 ዩሮ መሸፈን አለበት። ብዙ ቤተሰብ የሚደናገጠው ግን የስም ጉዳይ ላይ ነው። ፈረንጅ ቤተሰብ አንድ የመጨረሻ ስም አለው። እኛ ዘንድ የልጁ ፓስፖርት ላይ መጨረሻ የሚመጣው የአያቱ ስም ነው፣ የአባትየው ላይ የቅድመ አያቱ፣ የእናትየው ደግሞ ከሁለቱም አይገናኝም። እናት ብቻዋን ልጅ ይዛ ስትመጣ የድንበር ፖሊሱ «ይህ ልጅ የማን ነው?» ቢል አትቆጡ፤ ሥራው ነው። የወሳኝ ኩነት የልደት ምስክር ወረቀቱ ዋናው በእጅ ሻንጣ ይያዝ፤ አንድ ወላጅ ብቻ ከሆነ የሌላኛው የስምምነት ደብዳቤ ይጨመርበት። ሻንጣ ውስጥ ተጭኖ የሄደ ወረቀት ፖሊሱ ፊት አይረዳም።

ከአዲስ አበባ በሌሊት የሚነሳው በረራ ማለዳ ሮም ይደርሳል፤ የሆቴል ክፍል ግን በአብዛኛው ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት አይሰጥም። እንቅልፍ ያጣ ልጅ ይዞ ግማሽ ቀን መንገድ ላይ መዋል ይመጣል። ሻንጣውን ሆቴሉ ይረከባችኋል፤ ልጁን ቪላ ቦርጌዜ መናፈሻ ወስዳችሁ ዛፍ ሥር አጋድሙት እንጂ ኮሎሲየም አታስገቡት። ከፊዩሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ዋናው ባቡር ጣቢያ ወደ ተርሚኒ የሚሄደው ፈጣን ባቡር 32 ደቂቃ ይወስዳል፤ ታሪፉ 14 ዩሮ ነው፣ ከ4 ዓመት በታች አይከፈልም። ከተማ ውስጥ የአውቶቡስ ቲኬት 1 ዩሮ ከ50 ሲሆን ለ100 ደቂቃ ያገለግላል፤ ከ10 ዓመት በታች ነፃ ነው። ቲኬቱ የሚገዛው ታባኪ ከሚባሉት የሲጋራ ሱቆች ነው። አውቶቡስ ውስጥ ማሽኑ ላይ ካልመታችሁት እንዳልከፈለ ሰው ትቀጣላችሁ፤ «እንግዳ ነኝ» የሚለውን ተቆጣጣሪው በየቀኑ ይሰማዋል።

ተርሚኒ ፊት ለፊት ያለው የአውቶቡስ አደባባይ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይባላል። ስሙን ያገኘው በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ካለቁት የጣልያን ወታደሮች ነው። ወላጆች ሻንጣ ሲጎትቱ ያልፉታል። ለ10 ዓመት ልጅ ግን እግሩ ሮምን በረገጠ በሩብ ሰዓት ውስጥ ከአገሩ ጋር የሚያገናኘው ነገር ማግኘት ቀላል አይደለም።

ልጆቻችን ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ማስታወቂያው ላይ የሌለውን ቦታ ነው። ከጥንቱ የሠረገላ መሮጫ ከቺርኮ ማሲሞ ጫፍ፣ በተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) ሕንፃ ፊት፣ ፖርታ ካፔና የሚባለው አደባባይ አለ። እ.ኤ.አ. በ1937 ከአክሱም የተወሰደው ሐውልት እዚያ ነበር የቆመው። 24 ሜትር ርዝመትና 160 ቶን ገደማ ክብደት አለው፤ በ2003 ተነቅሎ፣ በ2005 በአንቶኖቭ አውሮፕላን በሦስት ምልልስ አክሱም ደርሶ፣ በ2008 ተተከለ። ዛሬ አደባባዩ ላይ ሁለት ዓምዶች ይታያሉ። ብዙ ቤተሰብ «የሐውልቱ መታሰቢያ» ብሎ ፎቶ ይነሳባቸዋል፤ ግን አሜሪካ ላይ እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 2001 ለደረሰው ጥቃት ሰለባዎች የቆሙ ናቸው። ልጁ «ለምን ወሰዱት? ለምን መለሱት?» ይላል። ወላጅ መልሱን አዲስ አበባ ሳለ ያዘጋጅ፤ ፀሐይ ላይ ቆሞ የሠላሳ ደቂቃ ታሪክ የሚሰማ ልጅ የለም።

ከዚያው ቦታ የቪያ ዲ ሳን ግሬጎሪዮ ጎዳና ቀጥ ብሎ ወደ ቆስጠንጢኖስ ቅስት ይሄዳል፤ ግማሽ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. ጳጉሜን 5 ምሽት፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ባዶ እግሩን የጨረሰው ይህንን መንገድ ነው። ከሞሮኮው ራዲ ጋር ጎን ለጎን መጥቶ ሐውልቱ አጠገብ ሲደርስ ፍጥነት ጨመረ፤ ቅስቱ ሥር በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲገባ ራዲን በ25 ሰከንድ ቀድሞት ነበር። ለልጁ ይህን ንገሩትና ሰዓት ይዛችሁ አስሩጡት። ጫማ ላውልቅ ማለቱ አይቀርም። የበጋ አስፋልት እግር ይልጣልና ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ይሁን፣ የእግረኛ መንገዱ ላይ ብቻ፤ ቀድማችሁ ጠርሙስ ስባሪ እንደሌለ እዩ። ከአዋቂዎቹም አብረው የሚሮጡ አሉ።

ቅስቱ ሥር ከደረሳችሁ ኮሎሲየም አጠገባችሁ ነው። መደበኛው ቲኬት 18 ዩሮ ነው፤ ከ18 ዓመት በታች ነፃ ቢሆንም ልጁም በስሙ ቲኬት ሊያዝለት ይገባል። ስሙ እንደ ፓስፖርቱ ፊደል በፊደል ይጻፍ፤ በር ላይ ከመታወቂያ ጋር ያመሳክራሉ። ሽያጩ የሚከፈተው ከ30 ቀን በፊት ነው። ቲኬቱ 24 ሰዓት ስለሚያገለግልና አጠገቡ ያለውን የጥንቷን ሮም አደባባይ ፍርስራሽ፣ ፎረሙን፣ ስለሚጨምር፣ ጥላ የሌለውን ፎረም በዚያው ቀትር ከመዞር ለማግስቱ ማለዳ ማቆየት ይሻላል። የወሩ የመጀመሪያ እሑድ መግቢያው ነፃ ነው፤ ልጅ ያለው ሰው ግን ሰልፉን አይቶ ይመለስ። ለልጁ የሚሆን ሥራ እንካችሁ፦ ሕንፃው 80 መግቢያ ነበረው፣ ከበሮቹ በላይ የሮማ ቁጥር ተቀርጿል። በቀረው የውጭ ግድግዳ ላይ ከ23 እስከ 54 ያለው ይነበባል። የሮማ ቁጥር የተማረ ልጅ ራሱ ያነበዋል፤ 40ዎቹ ከመማሪያ መጽሐፉ በተለየ መልክ ስለተጻፉ ይከራከራችኋል።

ፓንቴዮን በሚባለው ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ጣሪያውን ሳይሆን ወለሉን አሳዩት። ጉልላቱ መሐል ላይ 9 ሜትር የሚጠጋ ክፍት ቀዳዳ አለ። ዝናብ በእሱ ይገባል፤ ወለሉ ላይ ያሉት 22 ትናንሽ ቀዳዳዎች ውኃውን ይመጥጣሉ። ፀሐይ ካለ የብርሃን ክብ ወለሉ ወይም ግድግዳው ላይ ያርፋል። ብርሃኑ ወለል ላይ ከሆነ ልጁን ጠርዙ ላይ አቁሙትና «አትንቀሳቀስ» በሉት፤ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ጫማው ብርሃን ውስጥ ይገባል ወይም ይወጣል። መግቢያው ለአዋቂ በክፍያ ነው፣ ለልጅ ነፃ።

ምግብ አያስቸግርም፤ ፓስታ የማይበላ የአዲስ አበባ ልጅ የለም። ችግሩ ሰዓቱ ነው። ምግብ ቤቶች ለእራት የሚከፍቱት አብዛኛውን ጊዜ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ነው፣ ልጅ ግን 12 ሰዓት ላይ ይርበዋል። በሚዛን ተቆርጦ የሚሸጠው ፒዛ ቀኑን ሙሉ ይገኛል። በፍልሰታ፣ ማለትም ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ የሚጾሙ ልጆች ካሉ ማሪናራ የሚባለውን ፒዛ እዘዙ፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ብቻ ነው። የሎሚ አይስክሬምም ብዙ ቦታ ያለ ወተት ይሠራል፤ ሆኖም ጠይቁ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 15 የጣልያኖች በዓል ስለሆነ ብዙ ሱቅ ይዘጋል፤ ዋዜማውን ዳቦና ፍራፍሬ ግዙ።

አነስተኛ ጎማ ያለው የሕፃን ጋሪ አታምጡ። የሮም ጥርብ ድንጋይ መንገድ ላይ የፊት ጎማው ክፍተት ውስጥ እየተቀረቀረ ይሰበራል። አንቀልባ እዚህ ከውዱ ጋሪ ይበልጣል። ለትልልቆቹ እጃቸው ላይ በማይለቅ ቀለም ስልክ ቁጥራችሁን ከነአገር መለያው ጻፉ፤ «ከጠፋህ ቁም፣ አትፈልገን» በሏቸው። የአደጋ ጊዜ ጥሪ 112 ነው።

የጉዞ ወኪሎች ማስታወቂያ ሲያመጡላችሁ ሦስት ነገር እንዲጨምሩ ብትጠይቁልን ደስ ይለናል፦ በቀን ስንት ኪሎ ሜትር በእግር እንደሚኬድ፣ ቀትር ላይ ዕረፍት መኖር አለመኖሩ፣ ፕሮግራሙ ከስንት ዓመት ጀምሮ ላለ ልጅ እንደሆነ። አራት ከተማ በ6 ቀን የሚለው እንዳለ ይሁን፤ ኪሎ ሜትሩ አጠገቡ ከተጻፈ ወላጅ ራሱ ይወስናል።

ከአክብሮት ጋር፣
የቤተሰብ አስጎብኚዎች፣ ከሮም