አባባ፣ ለማሙሽ ይደውሉለት

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎን ተሻለዎት? እኔ ከናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ልጆቹም ደህና ናቸው። ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ ይገርምዎት ይሆናል። በስልክ ግን ስለ ወንድሜ ስለ ማሙሽ ሳነሳ "ተይው፣ ሌላ አውሪ" ይሉኛል። ደብዳቤ ከሆነ እስከ መጨረሻው ሳያነቡ እንደማይተዉት አውቃለሁ። የተማሪ ደብተር እንኳ ግማሽ አርመው አስቀምጠው አያውቁም።

እማዬ ሁሉንም ነግራኛለች። አዳማ አክስቴ ቤት ተቀምጦ ለሦስተኛ ጊዜ ለፈተና እየተዘጋጀ ነው ብለው ሲያስቡ፣ ጋራዥ መግባቱን ከሰው ሰሙ። ከዚያ ወዲህ አልደወሉለትም። ሁለት ወር ሊሞላ ነው። "ልጅዎ ምን ደረሰ?" ብለው እንዳይጠይቁኝ ብለው እድር መሄድም ቀንሰዋል አለችኝ። ይህን ስሰማ አለቀስኩ። ለእሱ ብቻ አይደለም፣ ለእርስዎም ነው።

መጀመሪያ ስለዚህ "ወደቀ" ስለሚባለው ነገር ልንገርዎት። የ12ኛ ክፍልን ፈተና በ2014 ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ። ማሙሽ የተፈተነው በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ነው። አባባ፣ እርስዎ ክፍል ውስጥ ከ50 ተማሪ 47ቱ ቢወድቁ ምን እንደሚያደርጉ አውቃለሁ። "ቆይ፣ ፈተናውን ልየው፤ እኔስ ምን አስተማርኩ?" ይሉ ነበር። 47 ልጅ ሰነፍ ነው ብለው ወደ ቤት አይሰዱም። ለሰው ልጅ ያን ያህል ይታገሱ የነበሩ መምህር ለራስዎ ልጅ ሲሆን ለምን እንደጨከኑ ብዙ አሰብኩበት።

ይመስለኛል ገብቶኛል። ቢቆጡኝም ልናገረው።

እርስዎ 12ኛን ጨርሰው አንድ ዓመት መምህራን ማሰልጠኛ (ቲቲአይ) ሰልጥነው በ1970 ማስተማር ጀመሩ። በዓመቱ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ መጣ። ማታ ማታ በኩራዝ ገበሬዎችን ፊደል ያስቆጥሩ ነበር። ከዚያ በኋላ ስንት ክረምት ለዲፕሎማው እንደተመላለሱ እኔም አስታውሳለሁ። ዝናቡ ሳያባራ ያችን ቡናማ ቦርሳ ይዘው ይሄዱ ነበር። ዲግሪው ግን አልሆነም፤ እኛ መጣን፣ ወጪው መጣ። አንድ ቀን ማታ ተኝታለች ብላችሁ ለእማዬ ሲነግሯት ሰምቻለሁ። "ትናንት ያስተማርኩት ልጅ ዛሬ አለቃዬ ሆኖ መጣ። ወረቀት አለዋ!" ድምፅዎ እንደዚያ ሆኖ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ለዚህ ነው እኔ ስመረቅ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ሁለት ሚስማር የመቱት። አንዱ ላይ የእኔ የጋዎን ፎቶ ተሰቀለ። ሌላው ለማሙሽ ነበር። ያኔ እሱ የስድስት ዓመት ልጅ ነው።

አባባ፣ እኔ ዲግሪ አይጠቅምም አልልዎትም። ባንክ የምሠራው ዲግሪ ስላለኝ ነው፤ ያለ እሱ ማመልከቻዬንም አይቀበሉኝም። ሴት ልጅ ደግሞ ሌላ ነገር አለባት። 11ኛ ክፍል እያለሁ ለጋብቻ የጠየቁኝን ሽማግሌዎች "ልጄ ትማራለች" ብለው የመለሱበትን ቀን አልረሳም። ለዚያ ቀን ዕድሜ ልኬን አመሰግንዎታለሁ። ሐኪም፣ ነርስ፣ መሐንዲስ የሚሆን ሰው ደግሞ ያለ ዩኒቨርሲቲ እንዴት ይሆናል? አይሆንም።

ግን ያልነገርኩዎት ነገር አለ። በ2004 ተመርቄ አዲስ አበባ ስቀር "ሥራ ልይዝ ነው" እያልኩ የጻፍኩልዎት ዓመት ተኩል በሙሉ ሥራ አልነበረኝም። ጠዋት አራት ኪሎ ማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት እቆማለሁ። "0 ዓመት የሥራ ልምድ" የሚል ፍለጋ ነው። ረቡዕና እሑድ ሪፖርተርን ከአዟሪው ላይ በኪራይ አነባለሁ። የዲግሪዬን ኮፒ ስንት ቦታ እንዳስገባሁ ቁጥሩ ጠፍቶኛል። እርስዎ ከመምህራን ቁጠባና ብድር ተበድረው በላኩልኝ ብር ነው ያን ሁሉ ኮፒ ያስነሳሁት። አንድ ቀን የላኩልኝን ብር ቤት ኪራይ ከፍዬ ሁለት ቀን ሻይ በዳቦ አድሬያለሁ። እንዳያዝኑ ብዬ ደበቅኩዎት። አብራኝ የተመረቀች ጓደኛዬ በዚያው ዓመት ተደራጅታ ኮብልስቶን ጠርባለች። ያን ጊዜ ብዙ ተመራቂ እዚያ ገብቷል። ሰው "ለድንጋይ ነው አራት ዓመት የተማርሽው?" ይላት ነበር። ዛሬ ከማኅበሯ ጋር ብሎኬት ታመርታለች፣ የራሷ ቤት አላት። ያኔ ያስለቀሳት ድንጋዩ ሳይሆን የሰው አፍ እንደነበር ነግራኛለች።

አሁን ደግሞ ዩኒቨርሲቲ መግባትም ብቻውን ዲግሪ አያስገኝም። በ2015 የመውጫ ፈተና ለሁሉም ሲጀመር ከ150 ሺህ በላይ ተማሪ ተቀምጦ ያለፈው ከአሥሩ አራቱ ያህል ነው። የጎረቤቴ ልጅ አራት ዓመት ተምሮ ጋዎን ለብሶ ፎቶ ተነስቷል። ዲግሪው ግን እጁ አልገባም። ፎቶው ሳሎን ተሰቅሏል። እናቱ ባየችው ቁጥር ዓይኗ እንባ ያቀራል።

ማሙሽን ላየው ባለፈው ቅዳሜ አዳማ ሄጄ ነበር። ሳልነግረው ነው የሄድኩት። የጋራዡን ግቢ ገብቼ ጥግ ላይ ቆምኩ። አንድ ሰውዬ ቪትዝ ይዞ መጥቷል። መኪናው ሲነሳ ሲጥ ሲጥ የሚል ድምፅ አለው። ሌላ ቦታ ወስዶት "ሞተር ይውረድ" ብለውት ነው የመጣው። ማሙሽ ረጅም ካቻቢቴ አነሳ። ጫፉን ሞተሩ ላይ አስደገፈ፤ እጀታውን ጆሮው ላይ አደረገ። ዓይኑን ጨፈነ። እዚህ ጋ አዳመጠ፣ ትንሽ ፈቀቅ አድርጎ እዚያ ጋ አዳመጠ። ግቢው ውስጥ ጎሚስታው ይቀጠቅጣል፣ ሰው ይጯጯሃል፣ እሱ ግን አልሰማቸውም። ከዚያ ቀና ብሎ "ጋሼ፣ ሞተሩ ምንም አልሆነም። የዲናሞው ኩሽኔታ ነው" አለው። ዋናው መካኒክ መጥቶ ራሱ አዳመጠ። ምንም ሳይናገር ማሙሽን ትከሻውን መታ መታ አድርጎት ሄደ። ሰውዬው ሁለት ሰዓት ሳይሞላ መኪናውን ይዞ ወጣ።

አባባ፣ እዚያ ቆሜ ትዝ ያሉኝ እርስዎ ነዎት። አንደኛ ክፍል ስታስተምሩን ልጁ ፊደሉን ለይቶ ይሁን በዜማ ሸምድዶ በድምፁ ብቻ ያውቁ ነበር። "ሀ ሁ ሂ" እያለ ሲሮጥ ዓይንዎን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ከዚያ ሰሌዳው ጋ ሄደው መሐል ላይ ያለውን አንዱን ፊደል በአርጩሜው ይነኩና "ይህችስ?" ይላሉ። የሸመደደው ልጅ ያን ጊዜ ይያዛል። ይህን ማንም ዩኒቨርሲቲ አላስተማረዎትም። ማሙሽ ጆሮውን ከእርስዎ ነው የወሰደው።

ደግሞ ትምህርት አቆመ የሚለው ልክ አይደለም። ከ2016 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። ስለዚህ ኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል፤ የሚጠግነው ግን ገና ጥቂት ነው። ማሙሽ ይህን ስላየ ማታ ማታ በስልኩ የመኪኖቹን መመሪያ ያነባል። ያልገባውን የእንግሊዝኛ ቃል ፎቶ አንስቶ ይልክልኛል። ፊዚክስ ላይ ነጥብ ያጣው ልጅ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ ስለ ቮልቴጅ ይጠይቀኛል። እኔ መልሱን ስለማላውቅ ሰው ጠይቄ እነግረዋለሁ።

ፍርሃትዎ ግን ልክ ነው፤ አልክድም። ማስረጃ የሌለው ሰው ነገ ጋራዡ ቢዘጋ ምን ይዞ ይሄዳል? እጁን ቢቆረጥስ? ሲያረጅስ? እርስዎ ዛሬ በየወሩ ትንሽም ብትሆን ጡረታዎን ይቀበላሉ፣ ለእሱም ይህንኑ ቢመኙ እውነትዎን ነው። ይህን ሁሉ ከጋራዡ ባለቤት ጋር ቁጭ ብዬ አነጋገርኩ። የግል ድርጅት ሠራተኛም ከ2003 ጀምሮ የጡረታ አዋጅ አለው። ማሙሽ እስከ አሁን በቃል ነው የሚሠራው። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ በውል እንደሚያስገባው ባለቤቱ ቃል ገብቶልኛል። ቃል ብቻ እንዳይሆን እከታተለዋለሁ። ማሙሽም በማታ ፖሊ ቴክኒክ ተመዝግቦ በሌቭል እንዲማርና ሲኦሲ የሚባለውን የሙያ ብቃት ምዘና እንዲፈተን ተስማምተናል። ክፍያውን እኔ እችላለሁ። ነገ ልቡ ዩኒቨርሲቲ ካለው ደግሞ ዕድሜው 20 ነው፣ ማን ይከለክለዋል?

ባሕር ዛፉን ሽጠው ለአስጠኚ ሊከፍሉ ነው የሚባለውን እባክዎ ይተዉት። እሱ የእርስዎና የእማዬ መጦሪያ ነው። ማሙሽም ራሱ "ባሕር ዛፉ ከሚሸጥ እንደገና ልፈተን፣ ራሴ እያጠናሁ" ብሎኛል። ይህን ሲለኝ ድምፁ ተቆራረጠ። መፈተኑን ፈርቶ አይደለም አባባ። "አባባ ከእንግዲህ ልጄ የሚለኝ አይመስለኝም" ነው ያለኝ።

ግድግዳው ላይ ያለውን ሚስማር አይንቀሉት። አዳማ ሳለሁ ፎቶ አንስቼዋለሁ። ቱታ ለብሷል፤ ጉንጩ ላይ ግራሶ አለ፤ ካቻቢቴው ጆሮው ላይ ነው፤ ዓይኑን ጨፍኗል። አሳጥቤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬዋለሁ። ይሰቀል አይሰቀል የእርስዎ ፈቃድ ነው። ለብቻዎ ሲሆኑ ብቻ ደህና አድርገው ይዩት።

ለገና ሁላችንም እንመጣለን። እሱንም አዳማ ላይ ይዤው ነው የምመጣው። እስከዚያ ግን አንድ ቀን ይደውሉለት። ከሥራ የሚወጣው 12 ሰዓት ላይ ነው። ቶሎ ባያነሳ አይቀየሙት፣ ስልኩ ይጥራ። መጀመሪያ እጁን በናፍጣ፣ ከዚያ በኦሞ ነው የሚታጠበው፤ ጊዜ ይፈጃል።

እማዬን ሳሙልኝ።

ልጅዎ
ከአዲስ አበባ