የሒሳብ ክበብ ዘገባ 2017 ዓ.ም፦ ሳሙና የሚመርጠው ማነው?

ዘንድሮ ክበባችን ከጥያቄና መልስ ውድድር ወጣ ብሎ ሱቅ ለሱቅ ዋለ ማለት ይቻላል። አባላቱ ቤታቸው የልብስ ሳሙና፣ ሻይ ቅጠልና ፓስታ በተገዛ ቁጥር ቀኑን፣ ዋጋውን፣ ብራንዱንና የተገዛበትን ቦታ ደብተር ላይ ሲመዘግቡ ከረሙ፣ አንዳንዱ ከፒያሳ አንዳንዱ ከሰኞ ገበያ አብዛኛው ግን ከሰፈር ሱቅ። ብራንዶቹን ሀ፣ ለ፣ መ እያልን ነው የጠራናቸው፣ የማንንም ዕቃ ልናስተዋውቅም ልናጣጥልም አልፈለግንም።

ሀሳቡ ቤቱ ቀጥሎ የቱን ብራንድ እንደሚገዛ በሒሳብ መገመት ነው፣ ነገሩን ግን እኛ አልጀመርነውም። በ1983 እ.ኤ.አ. ጓዳኚና ሊትል የሚባሉ ተመራማሪዎች አሜሪካ ካንሳስ ሲቲ ውስጥ የ100 ቤተሰብን የቡና ግዢ ከሱፐርማርኬት ስካነር ወስደው ቤተሰቡ ቀጥሎ የቱን እንደሚያነሳ በሎጂት ሞዴል ሰርተውታል፣ ሎጂት ማለት ብራንዶቹን በዋጋና በመሳሰለው አወዳድሮ የእያንዳንዱን የመመረጥ ዕድል የሚያሰላ ቀመር ነው። ቤተሰቡ ለብራንዱ ያለውን ታማኝነት በቁጥር ነው ያስቀመጡት፣ የበፊቱ ቁጥር በ0.875 ይባዛል፣ አሁንም ያንኑ ብራንድ ከገዛ 0.125 ይጨመርለታል፣ እንዲህ እያለ የቅርቡ ግዢ ከድሮው የበለጠ ይመዝናል። ልጆቹን ግን ከቀመሩ በላይ የገረማቸው ሰው ቡናውን ተፈጭቶ በፓኬት መግዛቱ ነበር፣ ወሎ ላይ እኮ ቡና ቤት ውስጥ ካልተቆላ ቡና አይባልም።

የመጀመሪያውን ሴሚስተር በማርኮቭ ቼይን አሳለፍነው፣ ቀጣዩ ግዢ በመጨረሻው ግዢ ብቻ የሚወሰንበት የዕድል ስሌት ማለት ነው፣ 11ኛዎቹ ማትሪክስ ስለሚማሩ አልከበዳቸውም። ዋናው ነገር የመጣው ደብተሮቹን አንድ ላይ ስናደርጋቸው ነው። ሀን የገዛ ቤት አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ሀን ይገዛል፣ እነሱም "በቃ ቲቸር፣ ሰው ልማዱን አይለቅም" ብለው ሊዘጉት ሆነ። እኔም ሰሌዳ ላይ ሁለት ቤት ሳልኩ። አንዱ ከ10 ግዢ 9ኙ ሀ ነው፣ ሌላው ከ10 አንዱ ብቻ፣ ሁለቱም ባለፈው ምን እንደገዙ ጭራሽ ትዝ አይላቸውም እንበል። ቀላቅለን ሀን የገዛ በሚቀጥለው ሀን የመግዛት ዕድሉ ስንት ነው ካልን፣ ከ10 የሀ ግዢ 9ኙ የመጀመሪያው ቤት አንዱ የሁለተኛው ስለሆነ፣ 0.9 በ0.9 ሲደመር 0.1 በ0.1፣ 0.82 ወጣ! ልማድ የሚባል ነገር በሌለበት ልማድ ታየ ማለት ነው። ክርክሩ ደወል ተደውሎም አላቆመም። ሎጂትን ለምርጫ ጥናት ያዋለው ዳንኤል ማክፋደንና እውነተኛውን ልማድ ከሰዎች ልዩነት መለየት ላይ የሰራው ጄምስ ሄክማን በ2000 እ.ኤ.አ. የኢኮኖሚክስ ኖቤልን የተካፈሉት ያለምክንያት አይደለም አልኳቸው።

ከዛ በኋላ እያንዳንዱን ቤት ለብቻው ማየት ጀመርን፣ እዚህ ላይ ደግሞ ካንሳስ ሲቲ የማያውቀው ነገር ወጣ፣ ዱቤ። አንዷ የ11ኛ ክፍል ልጅ እናቷን ለምን ሁሌ ለን እንደሚገዙ ብትጠይቃቸው "ወላሂ ልጄ እኔ ምን መረጥኩ፣ ሱቁ ውስጥ ያለው እሱ፣ ዱቤ የሚሰጠኝም እሱ ሱቅ" አሏት። ይሄ መልስ ደብተሯ ላይ እንዳለ ተጽፏል፣ እኔ ከዓመቱ ስራ ሁሉ እሱን አስበልጣለሁ። ቤቱ ታማኝ የሆነው ለባለሱቁ ነው እንጂ ለሳሙናው አይደለም፣ ስለዚህ ዱቤ አለ የለም የሚል አምድ ቅጹ ላይ ገባ።

ረመዳንና ሁዳዴ ዘንድሮ አንድ ላይ ስለዋሉ የዛን ሰሞን መዝገብ ለብቻው አስቀምጠነዋል፣ ከሌላው ወር ጋር ቢደባለቅ ያምታታል።

የቀረን ዋጋ ነው። ሎጂት የሚያየው በብራንዶቹ መሀል ያለውን የዋጋ ልዩነት ስለሆነ የተገዛውን ዋጋ ብቻ መጻፍ አይበቃም፣ ሳይገዛ መደርደሪያው ላይ የቀረውም መጻፍ አለበት፣ ሁሉም እኩል ብር ከጨመሩ ደግሞ ሞዴሉ ምንም አልተነካም ይላል፣ የቤቱ ኪስ ግን ተነክቷል። ባለሱቆቹ ያልተገዛውን ዋጋ ስንጠይቃቸው መጀመሪያ ከገቢዎች የተላክን መስሏቸው ፊት ነስተውን ነበር፣ አሁን ግን ሁለቱ ራሳቸው ጽፈው ሊሰጡን ተስማምተዋል፣ በ2018 መስከረም ከእነሱ እንጀምራለን።