በአመክሮ ወጣ ማለት ጨርሶ ወጣ ማለት አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ ከብሎካችን ሥር ትንሽ ሱቅ አለችኝ። የብሎኩን ቁጥር አልጽፍም። እዚህ ተቀምጬ ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ሳልወድ አያለሁ። ከታኅሣሥ ወዲህ ግን ዓይኔ አንድ ሰው ላይ ነው።

አራተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤቴ ወንድም ነው። ድሮ ልጆች ያስጠና ነበር። ከሚያስጠናቸው አንዷን ደፈረ። ልጅቷ ያኔ 13 ዓመት አልሞላትም ነበር። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ለዚህ ከ13 እስከ 25 ዓመት ያስቀጣል፤ እሱ 15 ተፈረደበት። 10 ዓመት ታስሮ በአመክሮ ወጣ። የነገረችኝ እህቱ ናት፣ ቡና አፍልታ፣ እያለቀሰች። ሥራ ቦታዋ ሆና በየሰዓቱ ትደውልለታለች። ካላነሳ ለእኔ ትደውላለች። «ወርዷል እንዴ?» እንግዲህ የአመክሮ ተቆጣጣሪዎቹ እሷና እኔ ነን።

በሕጉ ሁለት ሦስተኛውን የታሰረና ጠባዩ የታረመ ሰው በአመክሮ ሊፈታ ይችላል። ግን ሁኔታ አለው። የት እንደሚኖር፣ ከምን እንደሚርቅ ፍርድ ቤት ሊወስንበት ይችላል። ከጣሰ ሊመለስ ይችላል። መጣሱን ማን ያያል?

ይህንኑ ልጠይቅ አንድ ቢሮ ሄድኩ። «እናቴ፣ ቅጣቱን ጨርሶ የወጣን ሰው ምን እናድርገው?» አለኝ ልጁ። አልጨረሰም እኮ! 5 ዓመት ይቀረዋል። ወደ ሌላ ቢሮ ላከኝ፤ እነዚያ ወደ መጀመሪያው መለሱኝ። ታክሲው ከኪሴ።

ለብሎኩ ኮሚቴ ብነግር በማግስቱ ዕቃቸው ደረጃው ላይ ነው። እሱም ማንም የማያውቀው ኮዬ ፈጬ ይገባል። እዚያ እህት የለ፣ ባለ ሱቅ የለ። ልጆች ግን አሉ።

እኔ የምለው አንድ ሰው ይመደብ ነው። ስሙን የምናውቀው፣ ስልክ የሚያነሳ፣ ሳይናገር መጥቶ በር የሚያንኳኳ። ሥራ ፈልጎ እንደሆነ፣ ከማን ጋር እንደሚውል የሚጠይቅ። ለራሱም ይሻለዋል፤ የእኔ መገላመጥ ማንንም አያርምም።

ሁለተኛ ፎቅ ያለች እናት፣ ምንም ሳታውቅ፣ ልጇን እንዲያስጠናላት ጠይቃዋለች። ቅዳሜ ወርዶ ደብተርና ከለር ጠየቀኝ። የለም አልኩት። ከኋላዬ ተደርድሯል፤ አይቶታል። ምንም ሳይል ወጣ።

ዛሬ ማታ ለእናትየው እነግራታለሁ። እህቱን ነገ በምን ዓይኔ እንደማያት እንጃ።

ስሜ ይቆየኝ፣ ከየካ አባዶ