ደብዳቤ ለልጄ፦ መጀመሪያ ጎነ ሦስቱን ሳዪው

ውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔም እናትሽም ደህና ነን። የላክሽልኝን የደብተርሽን ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። ጥያቄው ረጅሙ ጎኑ 10፣ አንዱ ማዕዘኑ 90፣ ሌላው 30 ዲግሪ የሆነ ጎነ ሦስት ሰጥቶሽ፣ ከ30 ዲግሪው ፊት ለፊት ያለውን ጎን አግኚ ይላል። አንቺ የጻፍሽው -9.88 ነው። ካልኩሌተርሽ አልተበላሸም፤ ዲግሪ ላይ መሆን ሲገባው ራዲያን በሚባለው ሌላ የማዕዘን መለኪያ ላይ ነበር። ይሄ ማንም ላይ ይደርሳል። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው፦ ከዜሮ በታች የሆነ ርዝመት ጽፈሽ፣ ከሥሩ ሁለት መስመር አስምረሽበት ወደሚቀጥለው ማለፍሽ።

እስቲ ካልኩሌተሩን አስቀምጪውና እርሳስ አንሺ። ሦስቱም ጎኖቹ 2 የሆኑ ጎነ ሦስት ሳዪ። ማዕዘኖቹ ሁሉ 60 ዲግሪ ናቸው። ከላይኛው ጫፍ እስከ መሠረቱ መሃል ቀጥ ያለ መስመር አውርጂና ለሁለት ክፈዪው። አሁን አንዱን ግማሽ ብቻ ተመልከቺ። ከታች በጥጉ 60፣ መስመሩ ያረፈበት ላይ 90፣ የላይኛው ጫፍ ደግሞ ስለተከፈለ 30 ዲግሪ ሆኗል። ረጅሙ ጎን 2 እንደነበረ ነው፤ መሠረቱ ግን 1 ቀርቷል። እንግዲህ አንዱ ማዕዘኑ 90 በሆነ ጎነ ሦስት ውስጥ ከ30 ዲግሪ ፊት ለፊት ያለው ጎን ሁልጊዜ የረጅሙ ጎን ግማሽ ነው። የ10 ግማሽ 5። ጥያቄሽ አለቀ።

ቁመቱስ? በፓይታጎረስ የቁመቱ ካሬ 4 ሲቀነስ 1፣ 3 ነው፤ ቁመቱ የ3 ዳግም ዘር ይሆናል። ለ45 ዲግሪ ደግሞ ጎኑ 1 የሆነ ካሬ ከጥግ ወደ ጥግ ክፈዪ፤ ሰያፉ የ2 ዳግም ዘር ይሆናል።

ዳግም ዘሩም ቢሆን በእጅ ይወጣል። ለ3 ዳግም ዘር 1.7 ብለሽ ገምቺ። 3ን ለ1.7 ስታካፍዪ 1.7647 ይመጣል። ግምትሽ አንሶ ከነበረ ይሄኛው በልጦ ይመጣልና እውነተኛው በመካከላቸው ነው፤ ደምረሽ ለሁለት ስታካፍዪ 1.7324 ታገኛለሽ። ትክክለኛው 1.7321 ነው። ባቢሎናውያን ከ3,600 እስከ 3,800 ዓመት ገደማ በፊት በአንዲት የሸክላ ጽላት ላይ ካሬ ከነሰያፎቹ ሥለው የ2 ዳግም ዘርን ጽፈውበታል፤ ስህተቱ ከአንድ ሚሊዮንኛ ያንሳል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር እደነቃለሁ።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። 90 ዲግሪ ያለው ጎነ ሦስት ጎኖቹ 3፣ 4፣ 5 ከሆኑ ሌሎቹ ማዕዘኖች ስንት ናቸው? እዚህ ላይ ሁሉም ሰው ወደ ካልኩሌተሩ ይሮጣል። አንቺ ግን አጭሩን ጎን በ86 አባዢ፤ 3 በ86 ሲባዛ 258። ከዚያ በረጅሙ ጎን ላይ የመካከለኛውን ግማሽ ደምሪ፤ 5 እና 2፣ 7 ይሆናል። 258 ለ7 ሲካፈል 36.86። ትክክለኛው 36.87 ዲግሪ ነው! ሌላኛውን ማዕዘን ከ90 ቀንሰሽ ታገኚዋለሽ። 86 ከየት መጣ ብትዪ፣ አንድ ራዲያን 57.3 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የእሱ አንድ ተኩል እጥፍ ነው። በ5፣ 12፣ 13 ሞክሪው፤ 22.63 ይሰጥሻል፣ እውነተኛው 22.62 ነው። የምታሰይው ግን ከአጭሩ ጎን ፊት ለፊት ያለውን ማዕዘን መሆኑን አትርሺ።

90 ዲግሪ የሌለበት ሲመጣ ደግሞ አንቺው ፍጠሪለት። ሁለት ጎኖች 5 እና 8፣ በመካከላቸው 60 ዲግሪ ቢሰጥሽ፣ ከ5ቱ ጫፍ ወደ 8ቱ ቁመት አውርጂ። በግራ በኩል ከ30 ዲግሪ ፊት ለፊት ያለው የ5 ግማሽ ስለሆነ፣ 8ቱ 2.5 እና 5.5 ሆኖ ይከፈላል። የቁመቱ ካሬ 25 ሲቀነስ 6.25፣ 18.75 ነው። የ5.5ን ካሬ 30.25 ስትደምሪበት 49። ሦስተኛው ጎን 7 ነው።

መልስሽን ከሥዕሉ ጋር አስተያዪው፤ ትልቁ ጎን ከትልቁ ማዕዘን ፊት ለፊት ካልሆነ የሆነ ቦታ ተሳስተሻል።

እስከ እሑድ አንድ ሥራ ልስጥሽ፦ ጎኖቹ 13፣ 14፣ 15 ናቸው። ወደ 14ቱ ቁመት ብታወርጂ 5 እና 9 አድርጎ ይከፍለዋል። ሦስቱንም ማዕዘኖች ፈልጊና ከነሥዕሉ ላኪልኝ።

የሚወድሽ አባትሽ