ለአባባ፣ ከሐሙስ በፊት

ውድ አባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? ባለፈው በስልክ ድምፅዎ ደከም ብሎብኝ ስለነበር ከዚያ ወዲህ ደህና እንቅልፍ የለኝም። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቆ "ለአያቴ ላኪልኝ" ብላ በወረቀት ጠቅልላ ሰጥታኛለች። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አብሮ ይደርስዎታልና እንዳይጥሉባት። ትልቁ በሒሳብ በርትቷል፤ በቁመት ሊያልፈኝም አራት ጣት ቀርቶታል። ከኋላ ሲታይ ትከሻው የእርስዎው ነው።

የልጆቹ ወሬ ገና ብዙ ነበር። ግን ገጹን በእሱ ሞልቼ ዋናውን ነገር ሳልጽፍ እንደምቀር ስለማውቅ እዚህ ላይ ይብቃኝ። በስልክ ልነግርዎት ሦስት ጊዜ ደውዬ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዝናቡ አውርተን ዘጋን።

ያቺን ከመጽሔት የተቆረጠች ፎቶግራፍ ዛሬም ከመታወቂያዎ ጋር ነው የሚይዟት? እ.ኤ.አ. ጁላይ 17 ቀን 1975 የአሜሪካው መንኮራኩር አፖሎና የሶቪየቱ ሶዩዝ ጠፈር ላይ ተያይዘው፣ ከሦስት ሰዓት ገደማ በኋላ በሩ ሲከፈት ቶማስ ስታፎርድና አሌክሲ ሊዮኖቭ የተገናኙባት። አገሮቻቸው አንዱ በሌላው ላይ የኑክሌር ሚሳይል ደግነው ሳለ ሁለቱ አዛዦች እጅ ለእጅ ተጨባበጡ እያሉ ስንት ማታ ነገሩኝ። አሜሪካዊው በሩሲያኛ፣ ሩሲያዊው በእንግሊዝኛ እንዴት እንደተነጋገሩ እየነገሩኝ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

እርስዎ ሁልጊዜ የሚያሳዩኝ እጃቸውን ነበር። እኔን ካደግሁ በኋላ የያዘኝ ግን በሩ ነው። አፖሎ ውስጥ የነበረው ንጹሕ ኦክስጅን ነው፤ ግፊቱም የምድርን አየር ሲሶ ያህል ብቻ። ሶዩዝ ውስጥ የነበረው ደግሞ እንደ ምድሩ ናይትሮጅን ያለበት አየር ነው። ከሶዩዝ በቀጥታ ወደ አፖሎ የተሻገረ ሰው ናይትሮጅኑ በደሙ ውስጥ አረፋ ሆኖ ሊገድለው ይችል ነበር። ስለዚህ አሜሪካኖቹ ሦስት ሜትር ገደማ የምትረዝም ጠባብ ክፍል ሠርተው በመካከል አስገቡ። ሶቪየቶቹም በበኩላቸው የመንኮራኩራቸውን ግፊት ወደ ሁለት ሦስተኛ ዝቅ አደረጉ። ተሻጋሪው በመካከለኛዋ ክፍል ይቆያል፤ አየሩ ይስተካከላል፤ የኋላው በር ተዘግቶ የፊተኛው ይከፈታል። ከሶዩዝ ጋር የሚገጥመው ማያያዣም ቢሆን አንዱ ሰጪ ሌላው ተቀባይ እንዳይባል በሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ነበር።

አባባ፣ ለቀዶ ሕክምናው የከፈልኩትን ገንዘብ ከባንክ ተበደርኩ ብዬ ነግሬዎት ነበር። ዋሽቼዎታለሁ። ግማሹን የሰጠኝ አጎቴ ነው።

እባክዎ ወረቀቱን አይወርውሩት። የማታውን ክኒን ካልወሰዱ መጀመሪያ ይውሰዱ፤ ከዚያ ተቀምጠው ይጨርሱት።

ማን እንደሆነ አልረሳሁም። ችሎት ፊት ቆሞ ያንን ቃል ሲሰጥ ከእርስዎ ኋላ ባለው ወንበር ላይ ነበርኩ። ስለዚህ በቃል አልተስማማሁም። ወለድ እንዳይኖረው፣ ከቤቱም ጉዳይ ጋር እንዳይያያዝ አድርጌ፣ ሁለት ምስክሮች ባሉበት ነው የተፈራረምነው። ነገ ተነሥቶ ሌላ ነገር ቢያመጣ ዕዳው በእኔ እንጂ በእርስዎ ላይ አይወድቅም። ያም ሆኖ ሌሊት እየነቃሁ ምን ዓይነት ሰው አመንኩ እላለሁ። ሌላ መንገድ ግን አጣሁ፤ ሐኪሙ የሰጠን ጊዜ አጭር ነበር። ጠፈርተኛው ስሌይተን በልቡ ምት መዛባት የተነሣ እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ እንዳይበር ተከልክሎ፣ በ51 ዓመቱ በዚያችው አፖሎ በረረ እያሉ የነገሩኝ እርስዎ አይደሉም?

ከጻፍኩ ላይቀር ይህንንም ልጻፈው። የእማማ ቀብር ዕለት አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። አጎቴ ከግቢው በር ውጪ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ቆሞ ነበር። "ሂጂና፣ ሂድልን ብለዋል በዪው" ብለው የላኩት እኔን ነው። ሄጄ ነገርኩት። የአንድ እግሩ ጫማ ማሰሪያ ተፈትቶ ጭቃው ውስጥ ይጎተት ነበር። እሰረው ልለው ፈልጌ አፌ አልታዘዝልኝም። ምንም ሳይመልስልኝ ዞሮ ሄደ። እናቴን በቀበርኩበት ቀን የእርስዎን ጥል አሸከሙኝ፣ አባባ። በዚያው ሳምንት ደግሞ ፎቶግራፏን አውጥተው ስለ ሁለቱ አዛዦች አወሩልኝ። ሊዮኖቭ እ.ኤ.አ. በ2019 ሲሞት ስታፎርድ በሰማንያ ዘጠኝ ዓመቱ ሩሲያ ድረስ ሄዶ ቀብሩ ላይ ንግግር አድርጓል። ከበር የመለሰው ሰው አልነበረም።

ጫማዬን እየወለወሉ፣ ደብተሬን እየሸፈኑ ብቻዎን ያሳደጉኝ እርስዎ መሆንዎን አንድ ቀን ረስቼ አላውቅም። ያኛውንም ግን አልረሳሁትም።

ያልነገሩኝ አንድ ነገርም አለ። አፖሎ ጁላይ 24 ቀን ሲመለስ ከገዛ ሞተሮቹ የወጣ መርዛማ ጋዝ ወደ ውስጥ ገብቶ ከስታፎርድና ከስሌይተን ጋር የነበረው ሦስተኛው ጠፈርተኛ ቫንስ ብራንድ ራሱን ስቶ ነበር። ጭምብሉን ያደረገለት ስታፎርድ ነው። ከጠላት ጋር ሁለት ቀን በሰላም ተያይዘው ቆይተው፣ ሊገድላቸው የደረሰው የራሳቸው መንኮራኩር ሆነ። ይህን ያነበብኩ ዕለት ብዙ ሰዓት ከወንበሬ አልተነሣሁም።

አጎቴ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቀዶ ሕክምናው ሳይደረግ አንድ ጊዜ ሊያይዎት። ይቅር እንዲሉት አልጠየቀም። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ይመጣል። ወደ አልጋዎ አይገባም። ከኮሪደሩ ጫፍ ያለችውን ትንሽ ክፍል ለግማሽ ሰዓት እንዲለቁልን ነርሶቹን ለምኛለሁ። እርስዎ ቀድመው ይቀመጣሉ፤ እሱ ኋላ ይገባል፤ እኔ መካከል እሆናለሁ። እጅዎን ይስጡት አልልም። ከከበደዎት ቶሎ እንወጣለን። ጨርሶ የማይሆን ከሆነም ሂድ ይበሉት፤ ግን በራስዎ አፍ። በዚህ ጊዜ እኔን አይላኩኝ።

ረቡዕ ሆስፒታል ሲገቡ ደም ማቅጠኛውን መቼ እንዳቆሙ ይጠይቁዎታልና ቀኑን ወረቀት ላይ ይጻፉት። እኔ ማታውኑ እደርሳለሁ። መነጽርዎን አይርሱ። ፎቶግራፏንም ይያዟት። አጎቴ "መጽሔቱ የእኔ ነበር፤ ሳላይ ቆርጦ የወሰደብኝ እሱ ነው" አለኝ። እውነት ነው?

ልጅዎ