ለደንበኞቻችን፦ አዲሶቹ ማሽኖች ለምን ቀሩ?

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን እንደተቆጣችሁብን እናውቃለን። ልብስ ማጠቢያችን ለጥገና ተዘግቶ ሰነበተ፤ ይመጣሉ ያልናቸው ማሽኖችም አልመጡም። «ገንዘቡ የት ገባ?» ያላችሁም አላችሁ። ስለተጉላላችሁ ይቅርታ እንጠይቃለን። ገንዘቡ የገባው ከጓሮ ያለው ቦይለር ውስጥ ነው።

ቦይለሩን አይታችሁት አታውቁም። ማጠቢያውን ውሃ የሚያሞቀው፣ ለመተኮሻውም እንፋሎት የሚሰጠው እሱ ነው። ሲከፈት ቧንቧዎቹን ድንጋይ የመሰለ ነጭ ቅርፊት ሸፍኗቸው ነበር። ውሃ ውስጥ ያለው ካልሲየም ሲሞቅ የሚጋገረው ነው፤ ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥም ታገኙታላችሁ። እዚያ ብዙ አይጎዳም። ቦይለር ላይ ግን ሙቀቱ ወደ ውሃው እንዳያልፍ ያግዳል። ነዳጅ ይፈጃል፣ ብረቱ ከልክ በላይ ይግላል፣ ሲብስም ቧንቧው ይቀደዳል። 1 ሊትር ውሃ በተለመደው የአየር ግፊት እንፋሎት ሲሆን ከ1,600 ሊትር በላይ ቦታ ይይዛል። ያን ያፈነ ነገር «ለከርሞ እናየዋለን» ይባላል እንዴ? አጠገቡ እኮ ሰው ይሠራል።

እጃችን ላይ የነበረው ገንዘብ ከቦይለሩ ጥገናና ከአዲሶቹ ማሽኖች ለአንዱ እንጂ ለሁለቱ አይበቃም። መለዋወጫው፣ ነዳጁ፣ ሳሙናው ሁሉ ጨምሯል፤ እናንተ ላይ ዋጋ መጨመር ደግሞ ከብዶን ቆይቷል። ስለዚህ ሥራውን ወረፋ አስያዝነው። መጀመሪያ ሰው ሊጎዳ የሚችለው። ቀጥሎ፣ ሲበላሽ ቤቱን በሙሉ የሚያስቆመው። ከዚያ ዛሬ በትንሽ ወጪ ካልተያዘ ነገ ሌላውን ይዞ የሚጠፋው። የማጠቢያ ማሽን ኩሽኔታ (ዘንጉ ሳይፋተግ እንዲሽከረከር የሚይዘው ቀለበት) መጮህ ሲጀምር ካልተቀየረ ዘንጉን ይበላዋል፤ ያኔ ወጪው ሌላ ነው። አምፖል ግን እስኪቃጠል ቢጠበቅ ምንም አይደል። ቀለሙና ወንበሩ መጨረሻ ላይ ናቸው። ግድግዳው መላጡን እኔም በየቀኑ አየዋለሁ።

«ተበድራችሁ ማሽኑን ግዙ» ያሉንም አሉ። ምክሩ ከቅንነት ነው። ግን አዲስ ማሽን ብቻውን አይመጣም፤ እንፋሎት የሚወስደው ከዚያው ከታመመው ቦይለር ነው፣ የራሱ መለዋወጫና ጥገናም አለው። ያለውን መያዝ ሳንችል ሌላ መጨመር ዕዳውን ማብዛት ነው።

ይህን ቤት በአንድ አሮጌ ማሽን ስጀምር ብልሽቱን ፈትቼ የምገጥመው ራሴ ነበርኩ። ልብሳችሁ ሲዘገይ የታገሣችሁኝ ዛሬም አላችሁ። ለዚህ ነው «ደንበኛ ንቀዋል» የሚለው ቃል ከእናንተ ሲመጣ ያመመኝ። ብንንቃችሁማ ማሽኖቹን ፊት ለፊት ደርድረን ከጓሮ ያለውን ዝም እንል ነበር።

አሁን ቦይለሩ ሥራ ጀምሯል። የቆዩ ልብሶች እየደረሱ ስለሆነ መጥታችሁ ውሰዱ። ማሽኖቹ ከወረፋው አልወጡም፤ ገንዘቡ ሳይሞላ ግን ቀን አልቆርጥላችሁም። ወደ ሌላ ቤት የሄዳችሁም ብትመለሱ ደስ ይለናል። በእውነቱ፣ ያለ እናንተ ቀጣዩን ጥገናም አንችለውም።

ከአክብሮት ጋር፣
የልብስ ማጠቢያው ባለቤት