የቆፈርሽው ቦይ

እማዬ፣ ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደብዳቤውን የልጅ ልጅሽ ታንብብልሽ። ከቸኮለች አስቁሚያትና እንደገና አስነብቢያት፤ ሳልነግርሽ የቆየሁት ነገር አለ።

ለፋሲካ ስመጣ «ኮምፒውተር ላይ አፍጥጠሽ የምታድሪው ምን እየሠራሽ ነው?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። እኔም «ስለ መሬት ነው» ብዬ በአጭሩ አለፍኩሽ። ቤት ተመልሼ ሳስበው ቆጨኝ፤ ምክንያቱም የምሠራው ስለ አንቺ ነው።

የምሠራው መንደር ነው። ከለገዳዲ ግድብ በላይ ያለውን ዳገታችንን፣ ከሥሩ ያለውን መረሬ ማሳና የጋራውን ግጦሽ ኮምፒውተር ውስጥ አስገብቼዋለሁ። እያንዳንዱ ቤት በየዓመቱ እንዲወስን አደርጋለሁ፤ ጤፍ ይዝራ? ባሕር ዛፍ ይትከል? ወይስ ለከብት ይተወው? ሃያ ዓመት በአንድ ደቂቃ ያልፋል። ከዚያ የወጣውን ከሳተላይት ፎቶ ጋር አስተያያለሁ። ላንድሳት ከሚባሉት ሳተላይቶች የመጀመሪያው የመጠቀው ሐምሌ 1964 ዓ.ም. ነው፤ አንቺ ገና ሙሽራ ሳለሽ፣ መሬት ላራሹ ከመታወጁ በፊት። ከዚያ ወዲህ ዳገታችን ከሰማይ ሲታይ ኖሯል።

ይህ የሚጠቅመው፣ ገበሬ ስለ መሬቱ የሚወስንበትን መንገድ ያወቀ ሰው የትኛው ዳገት እንደሚራቆት፣ የትኛው ማሳ ዛፍ እንደሚሆን፣ ክረምት ሲገባ ምን ያህል አፈር ወደ ግድቡ እንደሚወርድ ቀድሞ ሊያስብበት ስለሚችል ነው። ያንን ውሃ አዲስ አበባ ትጠጣዋለች። ስለዚህ የኛ ውሳኔ የብዙ ሰው ነገር ነው።

መጀመሪያ የሠራሁት መንደር ግን የሰው መንደር አልነበረም። ሁሉም ቤት ትርፉን አስልቶ የሚበልጠውን እንዲመርጥ አደረግሁ። የአጠና ዋጋ ሲጨምር ዳገቱ በአንድ ጊዜ ባሕር ዛፍ ለበሰ። ፎቶው ላይ የሚታየው ግን እንዲህ አይደለም። ዛፉ ከላይኛው ጥግ ጀምሮ ቤት ለቤት እየተጠጋ ይወርድና አንድ ቦታ ሲደርስ ይቆማል። ከዚያ በታች ማሳው ማሳ እንደሆነ፣ ግጦሹም ግጦሽ እንደሆነ አለ።

ኸርበርት ሳይመን የሚባል ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1978 ኖቤል ተሸልሟል። ሰው ከሁሉ የሚሻለውን አስልቶ አይጨርስም፤ «ይበቃኛል» ያለው ዘንድ ሲደርስ ይቆማል ይላል። ይህን ስጨምርበት መንደሬ ትንሽ ሰው ሰው ሸተተ። ቀጥሎ ጎረቤትን ጨመርኩ። የላይኛው ሰው ድንበር ላይ ሲተክል ሥሩ የታችኛውን እርጥበት ይጠጣዋል፣ ጤፉ ይቀጭጫል፣ እሱም ተስፋ ቆርጦ ይተክላል፣ ከዚያ ቀጣዩ። አሁን ዛፉ ልክ እንደ ፎቶው ቤት ለቤት መውረድ ጀመረ። መቆም ግን እምቢ አለ። እስከ ወንዙ ድረስ ወረደ።

ለሁለት ወር ስህተቱን ፈለግሁ። አንድ ሌሊት ፎቶውን አጉልቼ ዛፉ የሚቆምበትን መስመር ሳየው የኛ ድንበር ሆኖ አገኘሁት።

ትዝ ይልሻል? የላይኛው ቤት ጋሼ በተከሉ በሦስተኛው ዓመት የዳር ጤፋችን ቢጫ ሆኖ ቀረ። አባዬ ነፍሱን ይማረውና በንዴት «እኛም እንተክላለን፣ በቃ!» አለ። አንቺ ምንም አልመለስሽለትም። በማግስቱ ቡና አፍልተሽ ጋሼንና ሚስታቸውን ጠራሽ። ምን እንዳልሻቸው አልሰማሁም፤ ከብት ጠብቂ ብላችሁ ልካችሁኝ ነበር። የማውቀው ከዚያ በኋላ የዳሩን ረድፍ ቆርጠው፣ ጉቶው እንዳያቆጠቁጥ ነቅለው፣ ዛፋቸውን ወደ ኋላ እንደመለሱት ነው። ሥሩ እንዳያልፍም ድንበሩን ይዛችሁ ቦይ ቆፈራችሁ። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ አብራችሁ ትጠርጉት ነበር። አፈሩን በቅርጫት የተሸከምኩት እኔ ነኝ።

ያ ቦይ ከሳተላይት አይታይም። አንዱ የፎቶ ነጥብ 30 ሜትር በ30 ሜትር ነው፣ ያንቺ ቦይ አንድ ክንድ ቢሰፋ ነው። ግን የዳገቱን መልክ የወሰነው እሱ ነው።

ከዚያ ቤቶቹን የመዘገብኩበትን መጠይቅ አውጥቼ አየሁት። የመጀመሪያው መስመር «የአባወራ ስም» ይላል። በኛ ቤት የጻፍኩት የአባዬን ስም ነው። በየቤቱ አንድ ሰው፣ አንድ ሐሳብ አድርጌ ነው የሠራሁት። ዘሩን መርጠሽ የምታስቀምጪው፣ ኩበቱ ይነድ ወይስ ማሳ ይግባ ብለሽ የምትወስኚው፣ ከጎረቤት ጋር የምትነጋገሪው አንቺ ነበርሽ፤ መንደሬ ውስጥ ግን የለሽም። ልጅሽ ሆኜ ረሳሁሽ። ይህን ስጽፍልሽ አፍራለሁ።

ኤሊኖር ኦስትሮም የምትባል ሴት ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ2009 በኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለመች የመጀመሪያዋ ሴት። ከእሷ በፊት የጋራ ግጦሽ ሁሉም የራሱን ከብት እየጨመረበት መጥፋቱ አይቀርም ተብሎ ይታመን ነበር። እሷ ስዊዘርላንድ ተራራ ላይ፣ ጃፓን፣ ስፔን፣ ፊሊፒንስ የሚኖሩ ገበሬዎችን ታሪክ መርምራ፣ ሰዎች ተነጋግረው ሕግ እንደሚያወጡና ለዘመናት እንደሚጠብቁት አሳየች። ቡና ጠጥታችሁ ያደረጋችሁት እሱኑ ነው።

ባሕር ዛፍን እየነቀፍኩ እንዳይመስልሽ። በምኒልክ ጊዜ ማገዶ ጠፍቶ ከተማው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ሲታሰብ አዲስ አበባን ያቆየው እሱ ነው። እኔንም ዩኒቨርሲቲ ያደረሰኝ ከጓሮ የተሸጠው አጠና ነው። ጋሼም ቢሆኑ የተከሉት ለልጆቻቸው ትምህርት ነበር። ያንን ስለምታውቂ «ንቀሉት» ሳይሆን «ራቅ አድርጉት» ያልሻቸው ይመስለኛል።

ወንድሜ ደላላ ሁለት ጊዜ እንደመጣ ነገረኝ። ሽጪም አትሽጪም አልልሽም። ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል። የናንተ ቦይ የቆየው ጋሼ ነገም እዚያው እንደሚኖሩ ስለምታውቂ፣ እሳቸውም አንቺን ስለሚያውቁ ነው። ገዝቶ አጥር አጥሮ ለሚሄድ ሰው ቡና ማን ያፈላለታል? ከተማው ሲጠጋን ከመሬቱ እኩል የምንነጠቀው ይህን መተዋወቅ ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ እንዴት እንደማስገባው ገና አልመጣልኝም።

ስለዚህ ልጠይቅሽ። ያን ቀን ምን አልሻቸው? እምቢ ቢሉሽስ ምን ልታደርጊ ነበር? ከኛ በታች ያሉት ሰዎችስ አንቺን አይተው ነው ያልተከሉት ወይስ የራሳቸው ምክንያት ነበራቸው? በስልክ አትንገሪኝ፣ መጥቼ እሰማዋለሁ።

ለኅዳር ሚካኤል እመጣለሁ። የጉልበትሽን መድኃኒት ይዤ ነው የምመጣው። ዘንድሮ ቦዩን ማንም እንዳልጠረገው ሰምቻለሁ፤ አካፋውን አስስዪልኝ። አንቺ ዳር ላይ በርጩማ ይዘሽ ተቀመጪ፣ እኔ ልቆፍር፤ ጥልቀቱ ሲበቃ «በቃ» በይኝ።

ልጅሽ